እንቅርት፣ ጨውና የአንገታችን ዕጢ
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ)

 

 የዛሬውን ርዕስ የመረጡልን ከቡታጅራ ደብዳቤ የላኩልን አንዲት እናት ናቸው። ሴት ልጃቸውን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ነገሩ ወደ ኒካሕ ተቃርቦ ሳለ ከወንዱ ወገን አንድ ቃል ተሰማ። «እናቷ እንቅርት አለባት፤ እንቅርት የዘር ነው፤ የምትወልዳቸው ልጆችም ደንቆሮና ፈዛዛ ይሆናሉ» የሚል ነው። ሽማግሌዎቹም ዳግመኛ አልመጡም። እኚህ እናት «ልጄ በእኔ አንገት ምክንያት ቀረች፤ ይህ ነገር እውነት ነውን?» ብለው ይጠይቁናል።

ደብዳቤውን ደጋግመን አነበብነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ የምንለው ነው። በእኚህ እናት ላይ የተደረበው ግን ጆሮ ደግፍ ሳይሆን የሰው አፍ ነው። መልሱን በአንድ ቃል መስጠት ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ የእንቅርት ነገር የጨው ነገር ነው፤ የጨው ነገር ደግሞ የአገራችን ታሪክ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንነሳለን።

አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት መልእክተኛ አኑሯል። አንደኛው ነርቭ ነው። እሱ እንደ ስልክ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው የተዘረጋ መስመር ነው። እጃችን እሳት ሲነካ ዓይን እስኪጨፈን ያህል እንኳ ሳይቆይ መልእክቱን ያደርሳል። ሁለተኛው ሆርሞን ይባላል። ሆርሞን የተለየ መስመር የለውም። ትናንሽ ዕጢዎች በቀጥታ ወደ ደም ይረጩታል፤ ደሙም ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይዞት ይዞራል። ይህን ለመረዳት አሁን የምታዳምጡትን ዝግጅት ማሰብ ይበቃል። የሬዲዮው ሞገድ በወልቂጤም በቡታጅራም በየቤቱ ጣራ ላይ ያልፋል፤ ንግግሩን የሚሰማው ግን ሬዲዮውን ከፍቶ በጣቢያው ላይ ያስተካከለ ብቻ ነው። ሆርሞንም እንዲሁ በሁሉም የአካል ክፍል ያልፋል፤ የሚታዘዘው ግን የዚያ ሆርሞን መቀበያ የተሰጠው ክፍል ብቻ ነው።

ጾመኛ ሰው ይህን ሥርዓት ሳያውቀው በየቀኑ ይኖርበታል። ገና ጎህ ከመቅደዱ በፊት፣ ለሱሑር በምንነሳበት ሰዓት ገደማ፣ ከኩላሊቶቻችን በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን እየጨመሩ ሰውነትን ለቀኑ ሥራ ያሰናዳሉ። ሱሑር በልተን ስንጨርስ ቆሽት ኢንሱሊንን ይለቃል፤ ስኳሩም ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ይገባል። ከቀትር በኋላ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን፣ ያው ቆሽት ግሉካጎን የተባለ ሌላ መልእክተኛ ይልካል፤ ጉበትም ያስቀመጠውን ስኳር መልሶ ያወጣል። ዐስርን የምንሰግድበት ጉልበት ከዚያ ነው የሚገኘው። አንዱ ሲጨምር ሌላው እየቀነሰ፣ ሚዛኑ ሳይዛነፍ ይውላል።

ወደ አንገታችን እንመለስ። ከማንቁርት ዝቅ ብሎ በአየር ቧንቧ ላይ የተቀመጠ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ አለ፤ ታይሮይድ ይባላል። የጤነኛ ሰው ታይሮይድ ከሃያ ግራም ብዙም አይርቅም። ሥራው ግን ትልቅ ነው። የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የምግብ መቃጠል፣ የልጅ አጥንት ማደግ፣ ከሁሉም በላይ የሕፃን አእምሮ መሠራት በእሱ ሆርሞን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዋነኛው ሆርሞኑ ታይሮክሲን ሲባል ያለ አዮዲን ሊሠራ አይችልም። እያንዳንዱ የታይሮክሲን ቅንጣት አራት የአዮዲን አተሞችን ይይዛል። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም ከአንድ ግራም ሚሊዮን ክፍል 150ው ማለት ነው። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው ቢጠራቀም አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ሱብሓነላህ!

ከአንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የምትባል የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ ደግሞ በታይሮይድ ላይ ተሾማለች። በደም ውስጥ ታይሮክሲን ሲያንስ «ሥራ!» የሚል ሆርሞን ትልካለች፤ ሲበቃ ትተዋለች። ታዲያ አዮዲን ከምግብ ሲጠፋስ? ፒቱታሪ ታይሮክሲን ማነሱን እንጂ አዮዲን መጥፋቱን አታውቅም። ስለዚህ «ሥራ! ሥራ!» እያለች ትእዛዙን ታጠነክራለች። ታይሮይድም እህል እንደሌለው ወፍጮ በባዶው ይዞራል፤ ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለመልቀም ሲል ሕዋሳቱን እያበዛ ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህ ነው። እንቅርት እንግዲህ የታዘዘውን ለመፈጸም የሚታገል ዕጢ ድካም ነው። በአንገት ላይ የወጣ እርግማን አይደለም።

ይህን ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል፤ በመንገዱም ላይ የሙስሊም ሐኪሞች ድርሻ አለ። በአንደሉስ፣ በቁርጡባ አጠገብ የኖሩትና እ.ኤ.አ. በ1013 ገደማ የሞቱት አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተባለው ትልቅ የሕክምና መጽሐፋቸው ስለ አንገት እብጠት ጽፈዋል። በሴቶች ላይ እንደሚበዛ አስተውለዋል፤ ሐኪሙም ቢላውን ከማንሳቱ በፊት የእብጠቱን ዓይነት እንዲለይ አስጠንቅቀዋል። እሳቸው በቀዶ ሕክምና የተመሰከረላቸው ሆነው ሳለ እንዲህ መጠንቀቃቸው ያስደንቃል። ከእሳቸው አንድ መቶ ዓመት ያህል ዘግይተው በኸዋሪዝም የሠሩት ኢስማዒል አል-ጁርጃኒ ደግሞ የአንገት እብጠትና የዓይን መጉረጥረጥ በአንድ ሰው ላይ አብረው እንደሚታዩ መዝግበዋል። በአውሮፓ ይህን የገለጹት ግሬቭስና ባሰዶው የመጡት ከሰባት መቶ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1835ና በ1840 ነው። የጥንቶቹ ሐኪሞች የተቃጠለ የባሕር ስፖንጅ አመድ ለእንቅርት ይሰጡ ነበር። ለምን እንደሚረዳ ግን አያውቁም ነበር።

ምክንያቱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ ለባሩድ የሚሆን ቅመም ከባሕር አረም አመድ ሲያወጣ ሐምራዊ ጢስ ታየው፤ አዮዲን ነበር። በ1820 በጄኔቭ ሐኪም የነበሩት ኩዋንዴ «የስፖንጁ ፈውስ አዮዲን ይሆናል» ብለው ለእንቅርት ሰጡት፤ ብዙዎችም ተሻላቸው። ሕዝቡ ግን መድኃኒቱን ያለ ልክ ይወስደው ጀመር፤ በዚህም ብዙዎች ታመሙ፣ ሐኪሙም ተወገዙ። ዛሬም በእኛ ዘንድ «ጥቂቱ ካዳነ ብዙው ምን ሊያደርግ» የሚል አይጠፋም።

የዕጢውን ሥራ ያሳወቀው ግን ስህተት ነው። የበርኑ ቀዳጅ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር እንቅርትን ከነዕጢው ነቅለው ያወጡ ነበር። በኋላ በሽተኞቻቸውን ጠርተው ሲያዩአቸው ደነገጡ፤ ሰዎቹ ፊታቸው ያበጠ፣ ንግግራቸው የዘገየ፣ አእምሯቸው የደነዘዘ ሆነዋል። ኮኸር ይህን ሳይደብቁ እ.ኤ.አ. በ1883 አሳወቁ። በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚሁ ዕጢ ላይ በሠሩት ሥራ ነው፤ እኛ ግን ጥፋታቸውን ራሳቸው በአደባባይ መናገራቸውን ከሽልማቱ አስበልጠን እናያለን። በ1891 ጆርጅ ሙሬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተዘጋጀ ፈሳሽ ዕጢዋ ለደከመባት አንዲት ሴት ወጋ። ሴትየዋም ዳነች፤ መድኃኒቱን እየወሰደች ሃያ ስምንት ዓመት ኖረች። በዒድ ስናርድ አንገቱ ላይ የምናገኛትና ለውሻ የምንጥላት ያቺው ዕጢ ናት! በ1895 ባውማን የተባለው ጀርመናዊ በዕጢው ውስጥ አዮዲን እንዳለ አረጋገጠ። በ1902 ቤይሊስና ስታርሊንግ በለንደን ነርቮቹ ተቆርጠውም ከአንጀት ወደ ቆሽት መልእክት በደም እንደሚሄድ አሳዩ፤ «ሆርሞን» የሚለውን ስም ስታርሊንግ በ1905 ሰጠው። ታይሮክሲንን ኬንዳል በ1914 አሜሪካ ውስጥ ለይቶ አወጣ። ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላሉ ነገር ነበር፤ አዮዲኑን ሁሉም ሰው በሚበላው ነገር ውስጥ መጨመር። በእንቅርት የታወቀችው ተራራማዋ ስዊዘርላንድ በ1922 ከጨው ጋር ደባለቀችው። አሜሪካም በሚቺጋን ግዛት በ1924 ተከተለች።

ስዊዘርላንድን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ የተራራ ነው። አዮዲን በዝናብና በጎርፍ እየታጠበ ከደጋው አፈር ወደ ባሕር ይወርዳል። በታጠበ አፈር ላይ የበቀለ እህልም፣ ያንን የበላች ከብትም አዮዲን የላቸውም። ከቡታጅራ በስተምዕራብ የቆመውን የዘቢዳርን ተራራ አስቡ፤ ከወልቂጤ ወደ እዣና ወደ ጉመር የሚወጣውን ደጋ አስቡ። ስንት ሺህ ክረምት ያጠበው አፈር ነው! እንሰታችን፣ ጎመናችን፣ ድንቻችን የሚበቅለው በዚያ ላይ ነው። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ዓሣም ብዙ አንበላም። ጎመን ደግሞ፣ ክትፎና ቆጮ የለመደ ሰው አይቀየመን እንጂ፣ አዮዲን በጠፋበት አገር በብዛት ሲበላ ታይሮይድን የሚያውክ ነገር አለው። ይህ ማለት ጎመን ይቅር ማለት አይደለም፤ አዮዲኑ ከተገኘ ጎመኑ አይጎዳም።

ስለዚህ ሁሉም ነገር በጨው ላይ ወደቀ። የአገራችን ጨው ከጥንት ጀምሮ የሚወጣው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ነው። ከድንጋይ እንደሚጠረብ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። አሞሌ የተባለው ያ ጨው ምግብ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር፤ ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን እስከ ደቡብ ገበያዎች ድረስ ተመንዝሯል። ሙስሊም ነጋዴዎችም በዚያ ንግድ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበራቸው። አባቶቻችን «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። አሞሌ ይጣፍጥ ነበር፤ ስለዚህም አልተጣለም። የሚያስፈልገውን አዮዲን ግን ለአንገታችን አይሰጥም ነበር። ምላስ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

በኋላ ዘመን ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከአሰብ የሚመጣ ጨው ገበያውን ያዘ፤ አዮዲን መጨመርም ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከተመረመሩት ተማሪዎች መካከል ከመቶ 30.6፣ ከቤተሰብ አባላት መካከል ከመቶ 18.7 እንቅርት እንደነበረባቸው አሳየ። ያኔ ቁጥሩ ከባድ ነበር፤ የባሰው ግን ገና ሊመጣ ነው። በ1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሳ። የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ አዮዲን የተጨመረበትም ጨው አብሮ ቀረ። የአፋሩ የአፍዴራ ጨው የአገሪቱን ፍላጎት ሸፈነ፤ ያለ አዮዲን ነበር። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል። በዚያን ዓመት ማድቤት ውስጥ ምን እንደጠፋ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ነጩ ጨው ነጭ እንደሆነ ቀጠለ፤ ወጡም ጣፈጠ፤ ማንም አላወቀም።

ውጤቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንገት ላይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተካሂዶ በ2007 የታተመው አገር አቀፍ ጥናት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል እንቅርት ከመቶ 39.9 መድረሱን ገለጸ፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ማለት ነው። ጉራጌ ዞን ያኔ በነበረበት በደቡብ ክልል ከግማሽ በላይ ነበር። ለመውለድ በደረሱ ሴቶች ዘንድ ደግሞ በአገር ደረጃ ከመቶ 35.8 ተገኘ። ጥናቱ አንድ ሌላ ነገርም አየ፤ እንቅርት ያለባቸው ሴቶች ፅንስ የሚጨነግፍባቸውና ሞቶ የሚወለድባቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብን። ባደግንባቸው መንደሮች ፅንስ የጨነገፈባት ሴት ምን ትባል እንደነበር እናውቃለን። «ዓይን በላት» ይባላል፤ «ጅን ነክቷታል» ይባላል፤ ከዚያም ብሶ «ማህፀኗ ልጅ አይዝም» ተብላ ትፈታለች። አንገቷን በጋለ ብረት የተተኮሰች፣ በምላጭ የተበጣች፣ ሒርዝ ያንጠለጠለች ስንት እናት አለች! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ መታከምን አዘዋል፤ ጠንቋይ ዘንድ መሄድን ከልክለዋል። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ታይሮይድ ገና አልሠራም፤ አእምሮው የሚገነባው በእናቱ ታይሮክሲን ነው። እርጉዝ ሴት በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን የሚያስፈልጋትም ለዚህ ነው። ይህ በብርቱ ሲጎድል ልጁ መስማት የተሳነው፣ አእምሮው የዘገየ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ ከተወለደ በኋላ የሚሰጥ አዮዲንም ያንን ጉዳት አይመልሰውም። የሽማግሌዎቹ ወሬ መነሻው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ያዩት ነገር እውነት ነበር፤ ምክንያቱን ግን ሳቱት። በአንድ መንደር ያሉ ሰዎች አንድ ዘር ብቻ አይደሉም፤ አንድ አፈር ይጋራሉ፣ ከአንድ ገበያም ጨው ይሸምታሉ።

የሚንስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 (በ2003 ዓ.ም) ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ቁጥር 204 አወጣ። በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው ያገኘው ከመቶ 15 ያህሉ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር። በ2016 በተደረገው ቀጣይ ጥናት ከመቶ 89 ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ በጤና ታሪካችን ብዙ አናይም፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም አዮዲን ነክቶታል ማለትና በቂ አዮዲን አለው ማለት አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ በፋብሪካም፣ በመጋዘንም፣ በገበያም ይፈጠራል።

ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው፤ ሁለቱም በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ቡታጅራ በጤና ምርምር ስሟ በዓለም የታወቀ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ልደትንና ሞትን መመዝገብ ጀመረ። ቀደም ሲል የሕፃን ሞት በእናቱ ልብ ውስጥ እንጂ በመዝገብ ላይ አይገኝም ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ልጅ በእናቷ አንገት ምክንያት ከትዳር መቅረቷ ያሳዝነናል።

በገበያችን ያየነውንም እንናገር። ጨው በተከፈተ ማዳበሪያ ከረጢት በፀሐይ ላይ ውሎ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። አዮዲን ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እየተነነ ይጠፋል። ነጋዴ ወንድሞቻችን ከረጢቱን ጥላ ሥር ያኑሩት፤ አፉንም ይሸፍኑት። እናቶችም አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ይግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። ጨው ማብዛት ግን አያስፈልግም፤ ለደም ግፊት ይዳርጋል። የታይሮይድ ኪኒን የሚወስዱ ጾመኞችም መድኃኒቱ በባዶ ሆድ የሚወሰድ ስለሆነ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ።

አሁን ለቡታጅራዋ እናት እንመልስ። እንቅርት ሁሉ ከአዮዲን እጥረት አይመጣም፤ በቤተሰብ የሚተላለፍ የታይሮይድ ሕመምም አለ፤ ስለዚህ እርስዎ ሐኪም ይዩት፤ ቀላል የደም ምርመራ አለው። በደጋው አገራችን የበዛው እንቅርት ግን የአፈርና የጨው እንጂ የዘር ዕዳ አይደለም። ልጅዎ አዮዲን ያለው ጨው እየበላች ከሆነ፣ ከእርግዝናዋም በፊት ሐኪም ካየችና ጤነኛ ከተባለች፣ በእርስዎ አንገት ምክንያት ልጆቿ ይጎዳሉ የሚባልበት ምክንያት የለም። ይህን መልስ ከሬዲዮ ቀድተው ለሽማግሌዎቹ ሊያሰሙ ከፈለጉ ፈቅደናል፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸው ጥያቄ ካላቸው ይጻፉልን፤ በዚሁ ሰዓት እንመልሳለን ኢንሻአላህ።